ጣና ዳር በዘንግ አሳ ለማጥመድ ጀማሪ ምን ምን ያስፈልገዋል? ከአሜሪካ ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰው አለ

ሽምብጥ_ሰፈር
ሰላም ለሁላችሁም። የአክስቴ ልጅ ለገና ከአሜሪካ ይመጣል፣ ምን ላምጣልህ ሲለኝ ስልክ ምናምን አልፈልግም የአሳ ማጥመጃ ዘንግ አምጣልኝ አልኩት። ዩቲዩብ ላይ እነዚህ ባስ የሚያጠምዱትን ሰዎች እያየሁ ነው ፍላጎቱ የያዘኝ። አሁን ችግሩ እሱ ስለ አሳ ምንም አያውቅም፣ ሱቅ ገብቶ ፎቶ እያነሳ ይልክልኛል፣ ግድግዳው ሙሉ ዘንግ ነው፣ የቱን ልበለው? በጀቱ 100 ዶላር ገደማ ነው ከዛ በላይ ላስጨንቀው አልፈልግም። የማጠምደው ከዳር ሆኜ ነው ጀልባ የለኝም፣ ለንግድም አይደለም፣ ጠዋት ከስራ በፊት እና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው ጊዜ የማገኘው። ልጅ ሆነን በሸምበቆና በናይለን ቀረሶ እናወጣ ነበር፣ ሪል (ክሩን የሚጠቀልለው ማሽን) ያለው ዘንግ ግን ይዤ አላውቅም። አንድ ይበቃኛል ወይስ ሁለት? ደሞ ይሄ ባስ የሚባለው አሳ ጣና ላይ አለ እንዴ?

ቀበሌ14
ባስ ጣና ላይ የለም። ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ አሳ፣ በሶ ነው የምታገኘው። አንድ ዘንግ ይበቃሃል።

ፖቶማክ_ዳር
እኔ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ባስ አጠምዳለሁ፣ ተወልጄ ያደግኩት ደሞ ባህርዳር ጊዮርጊስ ጀርባ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄህን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ባስ የሰሜን አሜሪካ አሳ ነው፣ ትልቅ አፍ ያለው፣ ሳርና ግንድ ስር ተደብቆ ትንንሽ አሳ ሲያልፍ ዘሎ የሚውጥ። ታዋቂው ሪከርድ በፈረንጅ 1932 ጆርጂያ ውስጥ የተያዘው 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ ነው፣ ወደ 10 ኪሎ ማለት ነው፣ በ2009 ደሞ ጃፓን ቢዋ ሀይቅ ላይ ከሱ እኩል የሚባል ተይዟል። አብዛኛው ሰው የሚይዘው ግን ከ2 ኪሎ በታች ነው። ይሄን የምልህ ለወሬ አይደለም፣ ለባስ ጀማሪ የሚመከረው ዘንግ የሚሰራው ለዚህ መጠን አሳ ስለሆነ ነው፣ ጣና ላይ ከዳር የምታገኘው አሳም ብዙው በዚሁ መጠን ውስጥ ነው፣ አምባዛ ካልገጠመህ በቀር። ስለዚህ የባስ ጀማሪ ዕቃ ብትገዛ አትሳሳትም፣ ከዕቃ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው መንጠቆና ሉር (አሳ የሚያታልል ሰው ሰራሽ ማጥመጃ) ነው የሚለየው።

ለአክስትህ ልጅ እንዲህ በለው። ስፒኒንግ ኮምቦ ይግዛ፣ ኮምቦ ማለት ዘንጉና ሪሉ አንድ ላይ ተገጥሞ የሚሸጥ ነው፣ ለየብቻ ከመግዛት ይረክሳል። የዘንጉ ርዝመት ከ6 ጫማ ተኩል እስከ 7 ጫማ፣ ማለትም ከ2 ሜትር እስከ 2 ሜትር ከ13፣ ከዳር ስለምትወረውር 7 ቢሆን እመርጣለሁ። ከእጀታው በላይ የተጻፈውን ያንብብ፣ ጥንካሬው ሚዲየም፣ አጎነባበሱ ፋስት የሚል ይሁን። ፋስት ማለት ዘንጉ የሚጎብጠው ከጫፉ ብቻ ነው፣ አሳው ሲነካው ቶሎ እጅህ ላይ ይሰማሃል፣ ስትስብም ቶሎ ይወጋል። ሪሉ መጠኑ 2500 ወይም 3000 ቁጥር። ባለ ሁለት ቁራጭ ዘንግ ይሁን፣ 7 ጫማው ለሁለት ሲከፈል አንዱ 1 ሜትር ከምናምን ነው የሚሆነው፣ በፕላስቲክ ቱቦ አድርጎ ሊያመጣው ይችላል። ያ አግሊ ስቲክ የሚባለው ኮምቦ 50 ዶላር አካባቢ ነው፣ ከባድ ነው ይሉታል፣ ግን በቀላሉ አይሰበርም፣ ባህርዳር ላይ ቢሰበርብህ የሚጠግንልህ ስለማታገኝ እኔ ጥንካሬውን ነው የማየው።

ዩቲዩብ ላይ የምታያቸው ሰዎች ሪሉን ከዘንጉ በላይ አድርገው የሚይዙት ቤይትካስተር ይባላል። እሱን አትግዛ። በአውራ ጣት ካልተቆጣጠርከው ስፑሉ፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበት ክፍል፣ ከክሩ ቀድሞ ይዞርና ክሩ ተወሳስቦ የወፍ ጎጆ ይሆንብሃል፣ ቀለል ያለ ማጥመጃም በሱ መወርወር ከባድ ነው። በሚተርፈው 50 ዶላር ክር፣ መንጠቆ፣ እርሳስ (ክሩን ወደ ታች የሚያወርድ ክብደት) እና የተወሰነ ሉር ይግዛ። ሁለተኛ ዘንግ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሽምብጥ_ሰፈር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ እንዲህ ዘርዝሮ የነገረኝ የለም። የላከልኝን ፎቶ አየሁት፣ አንዱ ላይ ሚዲየም ሄቪ ይላል፣ ዋጋውም ያው ነው። እሱ ለአምባዛ አይሻልም? ክሩስ? ብሬድ የሚባለውን፣ ያን ተጎንጉኖ የተሰራውን ክር፣ ሁሉም ያደንቀዋል።

ዘጌ_ማዶ
ልጄ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚህ ሀይቅ ላይ ነው የኖርኩት፣ በደንገል ታንኳም በጀልባም፣ አሁን ግን ጉልበቱ ስለደከመ ከዳር በክር ነው የምውለው። ዘንጉን ከገዛህ ጥሩ ነው አልቃወምም፣ ነገር ግን ከዘንጉ በፊት አሳው በየትኛው ሰዓት የት እንደሚቆም ነው ማወቅ ያለብህ። ጣና ጥልቅ ሀይቅ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ነው፣ ዳሩ ደሞ ብዙ ቦታ እስከ ወገብ ነው፣ ስለዚህ ሩቅ መወርወር ብቻ አሳ አያመጣም። ጠዋት ውሃው ፀጥ ሲል ቀረሶው ከደንገሉ ጠርዝ ይመጣል። ከሰዓት ነፋሱ ይነሳና ማዕበል ይሆናል፣ ያኔ ቀላል ነገር ብትወረውር ነፋሱ ወደ አንተ ይመልሰዋል። ድንጋይ ያለበትን ዳር ፈልግ፣ ጭቃ ብቻ ከሆነው ዳር ድንጋዩ ይሻላል። ነጭ አሳው አባይ ከሀይቁ የሚወጣበት አካባቢ ውሃው ሲንቀሳቀስ ይወዳል። እዛ ግን ጉማሬ አለ፣ ደብረ ማርያም ደሴት አካባቢ በተለይ። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ሳር ለመጋጥ ይወጣሉ፣ በአንተና በውሃው መሀል ጉማሬ እንዳይኖር፣ ወደ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ዘግተህ እንዳትቆም። ብቻህን አትሂድ። ይሄን ከመንጠቆው በፊት ነው የምነግርህ።

ሽምብጥ_ሰፈር
አባቴ እድሜ ይስጥልኝ። ጉማሬውን አስቤው አላውቅም ነበር፣ ከጓደኛዬ ጋር ነው የምሄደው።

ፖቶማክ_ዳር
አባባ ያሉት ትክክል ነው፣ እኔ ወደ ዕቃው ልመለስ። ሚዲየም ሄቪ ለአምባዛ ይሻላል፣ ለቀረሶና ለመካከለኛ ነጭ አሳ ግን ይደነድናል፣ 7 ግራም ሉር ስትወረውርበት አይሄድልህም ምክንያቱም ዘንጉ ክብደቱን አይሰማውም። ዘንጉ ላይ የሉር ክብደትም ተጽፏል፣ ከ1/4 እስከ 5/8 አውንስ የሚል ከሆነ ከ7 እስከ 18 ግራም ማለት ነው፣ የምትወረውረው እዛ ውስጥ ይሁን። ሚዲየሙን ያዝ፣ አምባዛ ቢመጣብህ ሪሉ ላይ ድራግ (አሳው በሀይል ሲጎትት ክር የሚለቅ ማስተካከያ) አለልህ፣ ቀስ ብለህ ታደክመዋለህ።

ክር ላይ እኔ ለጀማሪ ሞኖ ነው የምለው፣ ያ የምናውቀው ናይለን ማለት ነው። 10 ፓውንድ ክብደት የሚችል፣ ውፍረቱ 0.28 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር ገደማ። ይለጠጣል፣ ስለዚህ ስትደነግጥና በሀይል ስትስብ አሳውን አያስጥልህም፣ ቋጠሮ ይይዛል፣ ርካሽ ነው፣ ሲያልቅ ባህርዳርም አዲስ አበባም ታገኘዋለህ። ብሬድ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው ግን አይለጠጥም፣ ድንጋይ ላይ ሲፈተግ ቶሎ ይቆረጣል፣ ነፋስ ላይ ደሞ ለጀማሪ ይወሳሰባል። ስፑሉን ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር እስኪቀረው ሙላው፣ ከጎደለ አይወረወርም፣ ከሞላ እየተፈታ ይወርዳል።

አርባምንጭ_ልጅ
እኔ ብሬድ ነው የምጠቀመው ጫሞ ላይ። 30 ፓውንድ ብሬድ ከፊቱ የብረት ሽቦ። ያለ ሽቦ አሳው በጥርሱ ክሩን ይበጥሰዋል። ጀማሪም ቢሆን ሽቦ ሳይገዛ ባይሄድ ጥሩ ነው እላለሁ።

ባዮ_ባህርዳር
የጫሞ እና የጣና አሳ አንድ አይደለም ወንድሜ፣ ይሄ ነጥብ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ወሳኝ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ጫሞ ላይ ናይል ፐርች አለ፣ ታይገርፊሽም አለ፣ ታይገርፊሹ ጥርሱ እንደምታውቀው ነው። ጣና ላይ ሁለቱም የሉም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከባህርዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ አለ፣ ከታች ያለው የአባይ አሳ ያንን ወጥቶ ሀይቁ ሊገባ አይችልም፣ ስለዚህ ጣና ለብቻው የኖረ ሀይቅ ነው። ነጭ አሳ የምንለው አንድ አይነት አሳ እንዳይመስላችሁ፣ ላቢዮባርበስ የሚባል ወገን ነው፣ ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት፣ ከነሱ 8ቱ አሳ በል ናቸው። የዚህ ወገን አሳ አፉ ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው፣ የዋጠውን እዛ ነው የሚፈጨው። ቀረሶውም የሚቆርጥ ጥርስ የለውም። አምባዛ ከንፈሩ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ትንንሽ ጥርስ አለው፣ ክር ይፈገፍጋል እንጂ አይቆርጥም። ስለዚህ ጣና ላይ የብረት ሽቦ አያስፈልግም፣ ሽቦው ክሩን ከማጠንከሩ ይልቅ አሳውን ማስደንገጡ ይብሳል።

ሉር ለሚገዛው ደሞ፣ እነዚህ አሳ በሎቹ በብዛት የሚበሉት ጣና ውስጥ ያሉትን ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ ጥቃቅን ባርበሶች ነው። ስለዚህ ሉሩ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቪዲዮ ላይ የምታዩት ትልልቁ የባስ ሉር ለትልቅ አፍ የተሰራ ነው፣ ነጭ አሳ እንደ ባስ አፉን ከፍቶ ትልቅ ነገር አይውጥም።

አርባምንጭ_ልጅ
ይሄን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ጫሞ ላይ ሽቦ የግድ ነው፣ ጣና ላይ ሽቦ አትግዙ ብያለሁ እንግዲህ።

መርካቶ_ሚሊ
አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥም ተለዋጭ ዘንግ ይሸጣል፣ ያ እየገባ የሚወጣው ቴሌስኮፕ የሚባለው። ከአሜሪካ የሚመጣልህ ሰው ከሌለህ እሱን ልትገዛ ትችላለህ፣ ግን ከመክፈልህ በፊት እነዚህን እዛው እይ። ጥጥ ይዘህ ሂድ፣ በየቀለበቱ ውስጥ አሳልፈው፣ ጥጡ ፀጉር ከቀረበት ቀለበቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው ክርህን ይልጠዋል። ዘንጉን ሁሉንም አውጥተህ ጫፉን በጣት ተጭነህ አጎብጠው፣ መገጣጠሚያው ላይ የሚንኮሸኮሽ ካለ ተወው። ሪሉን ያን የሽቦ ቀስት የመሰለውን ክፈተው ዝጋው ደጋግመህ፣ ስፕሪንጉ የላላ ከሆነ ስትወረውር መሀል ላይ ይዘጋና ክሩን ይበጥሳል። እጀታውን ወደኋላ ለማዞር ሞክር፣ ወደኋላ የሚዞር ከሆነ ወይ ወደኋላ እንዳይዞር የሚያግደው ማብሪያ አልበራም ወይ ተበላሽቷል። ባለ ሱቁ ፈገግ ቢልብህም አትፈር፣ ገንዘብህ ነው።

ጎርጎራ_ናት
ከሰሜን ዳር ነኝ። አባቴና ወንድሞቼ አሳ አጥማጆች ናቸው፣ እኔ በክር ነው የማጠምደው። ሁላችሁም ስለ ሉር ነው የምታወሩት፣ ቀረሶ ግን ሉር አይበላም። ቀረሶ የሚበላው ውሃው ላይ ያለውን አረንጓዴ ነገር ነው፣ በመንጠቆ የሚመጣው በትል ወይም በሊጥ ነው። ለጀማሪ ደሞ ቀረሶ ነው የሚሻለው፣ እጅህ እስኪለምድ። መንጠቆው ትንሽ ይሁን፣ 8 ወይም 10 ቁጥር፣ አፉ ጠባብ ነው። ተንሳፋፊ አድርግ፣ ከስሩ ክሩ አንድ ክንድ ያህል ይውረድ፣ እርሳሱ እጅግ ትንሽ፣ ተንሳፋፊው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ብቻ። ሊጡን ጠንካራ አድርግ፣ ዱቄቱ ላይ ትንሽ ጥጥ ብትጨምርበት ከመንጠቆው አይላቀቅም። ትሉን ሙዝ ስር ወይም ውሃ የሚፈስበት ጓሮ ቆፍሮ ማግኘት ነው፣ ከነአፈሩ በጣሳ፣ ጥላ ስር። ተንሳፋፊው አንዴ ጠለቅ ብሎ ወደ ጎን መሄድ ሲጀምር ነው መሳብ፣ ሲንቀጠቀጥ አትሳቡ ያኔ እየቀመሰው ነው።

አምባዛ ከፈለግህ ደሞ ሲመሽ ወይም ውሃው ሲደፈርስ፣ ከታች አስቀምጠው፣ የዶሮ አንጀት፣ ጉበት፣ የአሳ ቁራጭ፣ ሽታ ያለው ነገር። መንጠቆው 1/0 ወይም 2/0፣ ክሩ 20 ፓውንድ ቢሆን። ስትይዘው ጎኑ ላይ ካለው ሹል አጥንት እጅህን ጠብቅ፣ ሲወጋ ለቀናት ያሳብጣል። አምባዛ አየር ስለሚተነፍስ ከውሃ ወጥቶ ረጅም ሰዓት አይሞትም፣ ሞቷል ብለህ እንዳትቀርበው።

ሽምብጥ_ሰፈር
እህቴ በጣም አመሰግናለሁ። ቁጥሩ ግን ግራ ገባኝ፣ 10 ቁጥር ትንሽ ነው ትይኛለሽ 2/0 ትልቅ ነው። ማነው ትልቁ?

ጎርጎራ_ናት
ዜሮ የሌለው ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፣ 10 ከ8 ያንሳል፣ 8 ከ4 ያንሳል፣ እንዲህ እያለ 1 ይደርሳል። ከዛ በኋላ ባለ ዜሮው ይጀምራል፣ እሱ ደሞ ሲጨምር ያድጋል፣ 1/0፣ 2/0፣ 3/0። ለዘመድህ 10፣ 6 እና 1/0 ብቻ ብለህ ንገረው፣ እነሱ ጣና ላይ ሁሉንም ይሰሩልሃል።

ሽምብጥ_ሰፈር
እስካሁን የጻፍኩት ይሄ ነው እዩልኝ። 7 ጫማ ሚዲየም ፋስት ስፒኒንግ ኮምቦ ባለ 2 ቁራጭ፣ ሪል 2500፣ ናይለን 10 ፓውንድ አንድ ጥቅል እና 20 ፓውንድ አንድ ጥቅል፣ መንጠቆ 10፣ 6፣ 1/0፣ እርሳስ፣ ተንሳፋፊ፣ ከ7 እስከ 10 ግራም ማንኪያ ሉርና የሚሽከረከረው ስፒነር አራት አምስት ያህል፣ ያ የጎማ ትል የሚመስለው የባስ ሉር አንድ እሽግ፣ የብረት ሽቦ ሰረዝኩት፣ ትልቅ የሉር ሳጥንም ሰረዝኩት።

ፖቶማክ_ዳር
ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ጨምርበት፣ ረጅም አፍንጫ ያለው ፒንሳና የጥፍር መቁረጫ። ፒንሳ ከሌለህ አሳው መንጠቆ ውጦ ሲመጣ በጣትህ ስትፈልግ አሳውም ይሞታል ጣትህም ይወጋል። መንጠቆና ፒንሳውን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርገው፣ እጅ ላይ ይዞ ከገባ ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ፣ ሪሉን ግን በልብስ ጠቅልሎ በእጁ ቢይዘው ይሻላል፣ ሻንጣ ሲወረወር እጀታው ይታጠፋል።

የጎማ ትሉ ላይ፣ አንድ እሽግ ይበቃል። እዚህ ባስ ላይ ትልቁ መሳሪያችን እሱ ነው፣ ቴክሳስ ሪግ እንለዋለን፣ ጥይት የመሰለ እርሳስ ከፊት ይገባና የመንጠቆው ጫፍ ጎማው ውስጥ ይደበቃል፣ ሳር ውስጥ ብትጥለው አይያዝም። ጣና ዳር ደንገል እና እምቦጭ ስላለ ይሄ አሰራር ሊጠቅምህ ይችላል፣ ሌላው ሉር ሁሉ ሳሩን ጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ግን ለሱ ተብሎ የተሰራ ጠመዝማዛ መንጠቆ ያስፈልገዋል፣ 2/0 ኦፍሴት በለው። መጀመሪያ ላይ አታውጣው፣ መወርወር ከለመድክ በኋላ።

ቋጠሮ አንድ ብቻ ልመድ፣ ፓሎማር። ክሩን 15 ሴንቲ ያህል እጥፍ አድርገህ እጥፉን በመንጠቆው አይን አሳልፈው። በእጥፉ ክር ተራ ቋጠሮ ቋጥር ግን አታጥብቀው፣ መንጠቆው ተንጠልጥሎ ይቀራል። አሁን የቀረውን የእጥፉን ቀለበት በመንጠቆው ሙሉ አካል ላይ አሳልፈው። ከዛ በምራቅ አርጥበህ ሁለቱንም ክር አንድ ላይ ይዘህ ቀስ ብለህ አጥብቅ፣ ትርፉን ቁረጥ። ምራቁን አትርሳ፣ ናይለን በደረቁ ሲጠበቅ ይግልና ይዳከማል፣ አሳው ሲመጣ እዛችው ቦታ ላይ ነው የሚበጠሰው። ማታ ቤት ቁጭ ብለህ በገመድ ተለማመደው።

ቀበሌ14
ድራግ ስንት ላይ ይደረግ? ሁሉም በመላ ነው የሚያጠብቀው።

ፖቶማክ_ዳር
ጥሩ ጥያቄ። ድራግ የክሩ አቅም ሩብ ወይም ሲሶ ላይ ነው የሚደረገው። 10 ፓውንድ ወደ 4 ኪሎ ተኩል ነው፣ ሩቡ 1 ኪሎ ከምናምን። ሚዛን የለኝም ካልክ ባለ 1 ሊትር የውሃ ላስቲክ እስከ አፉ ሙላ፣ እሱ 1 ኪሎ ነው። ክሩን በቀለበቶቹ ሁሉ አሳልፈህ ላስቲኩ አንገት ላይ እሰር፣ ዘንጉን ወደ ላይ ከፍ አድርገህ ላስቲኩን ከመሬት አንሳው። ቀስ እያለ ክር እየሰጠ መውረድ አለበት። ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ጠብቋል፣ ዱብ ካለ ላልቷል። 20 ፓውንድ ላይ ስትሆን ባለ 2 ሊትሩን አድርግ። ከዛ በኋላ አሳ ላይ ሆነህ አትነካካው። ወደ ቤት ስትመለስ ድራጉን ሙሉ በሙሉ አላላው፣ ተጠብቆ ከከረመ ውስጡ ያለው ልባስ ይጨፈለቃል።

ባዮ_ባህርዳር
ዕቃው ከተሟላ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ፣ ሁለቱም ከልብ ነው።

አንደኛው ነጭ አሳው። ከፊሎቹ ዝርያዎች ክረምት ሲገባ፣ ከሀምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ሀይቁን ትተው እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል አባይ ይወጣሉ። ወንዞቹ አፍ ላይ ሲሰባሰቡ ነው በመረብ የሚጠረጉት፣ በሞተር ጀልባ የሚጣለው መረብ ደሞ በፈረንጅ 1986 ገደማ ከተጀመረ በኋላ ቁጥራቸው በጣም ቀንሷል። እነዚህ አሶች ሌላ ሀገር የሉም፣ እዚህ ካለቁ አለቁ። በአንድ ዘንግ ከዳር የሚያጠምድ ሰው ሀይቅ አያደርቅም፣ ቢሆንም በነዚህ ወራት ወንዝ አፍ ላይ አትቁም፣ ቀረሶና አምባዛ ላይ ቆይ። ሆዷ የተነፋ ነጭ አሳ ብትይዝም መልሳት። ለመመለስ ደሞ የመንጠቆውን ጫፍ ጎን ያለችውን ትንሽ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቃት፣ ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ይወጣል። እጅህን ሳታረጥብ አሳ አትያዝ፣ ደረቅ እጅ ቆዳው ላይ ያለውን ዝልግልግ ያነሳዋል፣ ከዛ በሽታ ይገባዋል። ስፒነሮቹ ላይ ያለውን ሶስት ጫፍ መንጠቆ በአንድ ጫፍ ብትቀይረው ደሞ በጣም ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ራስህ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ እንዳለ የታወቀ ነው፣ ትሉ ውሃው ውስጥ ነው ያለው በቆዳ ነው የሚገባው። ሉር ድንጋይ ስር ተያዘብኝ ብለህ ሱሪህን ሰብስበህ አትግባ፣ ሉሩ ይቅር። ከዘንጉ ቀጥሎ የምመክርህ ዕቃ ረጅም የጎማ ቡትስ ነው፣ እሱን ባህርዳር ገበያ ታገኘዋለህ ከአሜሪካ ማስመጣት አያስፈልግም። ውሃ ውስጥ ከገባህና ቆይቶ ሆድህን ካመመህ ወይም ደም ካየህ ጤና ጣቢያ ሄደህ ተመርመር፣ መድሃኒት አለው።

ሽምብጥ_ሰፈር
ይሄን ስላልከኝ ደስ ብሎኛል፣ ልጅ ሆነን እግራችንን ነክረን ነበር የምንውለው። ፈቃድስ ያስፈልጋል?

ባዮ_ባህርዳር
የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 315/1995 ነው፣ ክልሉም የራሱ አለው። ለመዝናናት ለሚያጠምድ ሰው አሁን ምን እንደሚጠየቅ ከመጀመርህ በፊት የአሳ ሀብት የሚመለከተው የክልሉ ቢሮ ሄደህ ጠይቅ፣ ከተማው ውስጥ ነው። ባህርዳር ውስጥ የአሳ ምርምር ማዕከልም አለ፣ የያዝከውን ዝርያ ለማወቅ ፎቶ ይዘህ ብትሄድ የሚያስረዱህ ሰዎች አሉ።

ፖቶማክ_ዳር
እዚህ አሜሪካም አብዛኛው ቦታ ላይ ያለ ላይሰንስ አዋቂ ሰው ወርውሮ ከተያዘ ይቀጣል፣ ገንዘቡ ለአሳው ጥበቃ ነው የሚውለው። ሀገራችን ላይም በወጉ ጠይቆ መጀመር ያምርበታል።

ዘጌ_ማዶ
አንድ ነገር ልጨምር። የተቆረጠ ናይለን ዳር ላይ አትጣሉ። አሁን ብዙ ልጅ በዘንግ እያጠመደ ነው ደስ ይለኛል፣ ነገር ግን ክሩ ሳሩ ላይ እየቀረ ወፍ እግሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ፔሊካኑም ሌላውም። ክር እንደ ሳር አይበሰብስም። ኪስህ ውስጥ ጠቅልለህ ቤት ወስደህ ቆራርጠህ ጣለው። የአሳ አጥማጆች መረብ ያለበት ቦታም አትወርውር፣ ተንሳፋፊ ላስቲክ በመስመር ተዘርግቶ ካየህ ከስሩ መረብ አለ፣ ሉርህ መረቡን ይቀዳዋል፣ ያ መረብ የሰው እንጀራ ነው። ጠዋት መረብ ሲያወጡ ቀረብ ብለህ እንደምን አደራችሁ በላቸው፣ አሳው የት እንደሰነበተ ከነሱ በላይ የሚነግርህ የለም።

ሽምብጥ_ሰፈር
እሺ አባቴ፣ ቃሌ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ ለፖቶማክ፣ ዘመዴ አሁን የላከልኝ ፎቶ ላይ የሪሉ እጀታ በግራ በኩል ነው ያለው፣ እኔ ቀኝ እጄ ነው። የቀኝ አለ ወይ ብሎ ሱቁን ይጠይቅ?

ፖቶማክ_ዳር
አይጠይቅ፣ ስፒኒንግ ሪል ላይ እጀታው ተነቅሎ በሁለቱም በኩል ይገባል። በአንደኛው ጎን ያለውን ክዳን ፍታው፣ እጀታውን አውጥተህ በሌላው አስገባ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ሳትቀይረው በፊት እንዳለ ሞክረው፣ አብዛኛው ቀኝ እጅ የሆነ ሰው በቀኙ ወርውሮ ዘንጉን እዛው እንደያዘ በግራው ነው የሚያዞረው፣ እንዲህ ከሆነ ዘንጉን ከእጅ ወደ እጅ ማዘዋወር የለብህም፣ ሉሩ ውሃ እንደነካ አሳው ቢመታው ዝግጁ ነህ።